ይህ ስክሪን ጆሮ አለው?

(ቅዳሜ ከሰዓት ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የገለበጠልኝን ልጅ አመሰግናለሁ። ድግግሞሹን ትንሽ ቀንሻለሁ፤ ቀልዱን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ! ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደገና፤ እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው እንጂ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ በሙያው የቀደማችሁኝ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ ቅዳሜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም። ቴሌቪዥንና ሞባይል መጠገን ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስሳሳት መምህራኑ እዚሁ አርሙኝ፤ አልቀየምም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮተት አያችሁት? ተሸክሜው ስገባ ጥበቃው "ቁራሌው ነህ እንዴ?" ብሎኛል። (ሳቅ) ብዙም አልተሳሳተም፤ ግማሹን የገዛሁት ከቁራሌው ነው። አንድ አሮጌ ኖኪያ አለ። መኪና ወደኋላ ሲሄድ የሚታይባት ትንሽ ስክሪን አለች። የፎቶ ፍሬም አለ። ሆዱ ያበጠ ታብሌት አለ፤ እሱን እባካችሁ አትንኩት፣ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ከላፕቶፕ የወጣ ባዶ ስክሪንም አለ። ዛሬ የማወራው እነዚህን እንዴት የኮምፒውተር ማሳያ እንደምናደርጋቸው ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤቱ ገብቶ መሳቢያ ቢከፍት የማይሠራ ስልክ የማያገኝ ሰው እጁን ያውጣ። አንድም እጅ የለም! የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው፣ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። ከዚያ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። እኛ ግን ቶሎ አንጥልም። "አንድ ቀን ይጠቅማል" ብለን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። እንግዲህ ያ አንድ ቀን ደርሷል፤ መሳቢያውን ክፈቱት።

ሱቄ በብዛት በሚመጣው ጥያቄ ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሁለት ላፕቶፕ ተሸክሞ መጣ። አንደኛው አዲስ ነው፤ ግን ስክሪኑ ተሰብሯል። ሁለተኛው አሮጌና ቀርፋፋ ነው፤ ስክሪኑ ግን ጤነኛ። ልጁ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኛቸውና የአሮጌው ስክሪን ለአዲሱ ሞኒተር እንዲሆንለት ፈለገ። "ጋሼ፣ ሦስት ገመድ ቀየርኩ። ሦስቱም የተበላሹ ናቸው" አለኝ።

ገመዶቹ ምንም አልሆኑም። ከጥቂቶች በቀር የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መውጫ ብቻ ነው። ምስል ይልካል፤ አይቀበልም። ልጁ ሁለት አፍ አፋጥጦ አንዱ እስኪሰማ ድረስ ይጠብቃል። ሁለቱም ይናገራሉ፤ የሚሰማ የለም። አንዳንድ ስብሰባ ላይ እንደምናየው ማለት ነው። (ሳቅ)

ይህንን ያዙልኝ፤ ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። የተጣለ ስክሪን ስታገኙ መጀመሪያ "ስንት ኢንች ነው?" አትበሉ። "ጥራቱ እንዴት ነው?" አትበሉ። "ጆሮ አለው ወይ?" በሉ። ጆሮው የት ነው? የሚሰማውስ ምን ቋንቋ ነው? ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ጆሮው ክፍት የሆነ አለ። ጆሮ እያለው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል አለ። ጆሮው ተቆርጦ የቀረ፣ እናንተ የምትቀጥሉለት ደግሞ አለ።

ጆሮው ክፍት በሆነው ልጀምር።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1973 ዶን ላንካስተር የሚባል አሜሪካዊ፣ ሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ በሚባል መጽሔት ላይ አንድ መሣሪያ ይዞ ወጣ። የቤት ቴሌቪዥን ላይ ፊደል የሚጽፍ መሣሪያ ነው። 16 መስመር፣ በአንድ መስመር 32 ፊደል። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ማሳያ ለአንድ ግለሰብ የማይቀመስ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ሳሎን ተቀምጧል! ኋላ የመጡት የቤት ኮምፒውተሮችም ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጡትን ሁለቱን እንውሰድ፤ ሲንክለር ስፔክትረም በመስመር 32 ፊደል፣ ኮሞዶር 64 ደግሞ 40 ፊደል። ለምን አልጨመሩም? አንዱ ምክንያት ቴሌቪዥኑ ከዚያ በላይ አጥርቶ ስለማያሳይ ነው። 40ን አትርሷት፤ እንመለስባታለን።

እኔም የጀመርኩት በቴሌቪዥን ነው። በ2005 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ራስፕቤሪ ፓይ አመጣልኝ። ስትወጣ 35 ዶላር የነበረችው፣ መታወቂያ የምታክለዋ ኮምፒውተር። ኮምፒውተር አገኘሁ፤ ሞኒተር ግን የለኝም። ገልበጥ አድርጌ ሳያት ጎኗ ላይ ቢጫ ቀዳዳ አለ። ቢጫዋን ቀዳዳማ አውቃታለሁ! ዲቪዲ ስጠግን ነው የኖርኩት። ሮጥኩና የእማዬ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ሰካኋት። ያ ጀርባው እንደ ጆንያ የወጣው ቴሌቪዥን ላይ።

ምስል መጣ። ግን ቀለም የለውም፣ በዚያ ላይ ወደ ላይ ይንከባለላል። ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት፤ ደህና ነው። ለካስ ፓይዋ የመጣችው በአሜሪካኖቹ የቴሌቪዥን ምስል ስልት፣ በኤንቲኤስሲ ተስተካክላ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፓል ነው። ሚሞሪ ካርዷ ላይ ኮንፊግ የሚል ፋይል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ቁጥር ከ0 ወደ 2 መቀየር ብቻ ነበር። አንዲት ቁጥር! እሷን እስካገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እማዬ ድራማዋን ጎረቤት ሄዳ አየች። "አንተ ልጅ፣ ቴሌቪዥኔን አሳበድከው" ትለኛለች። ጆሮው ነበረ፤ ቋንቋው ነው ያልገጠመው።

የዛሬ ፓዮች ላይ ተጠንቀቁ። ፓይ 4 ላይ ይህ መውጫ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ኮንፊግ ውስጥ ገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ። ፓይ 5 ላይ ቀዳዳው ራሱ የለም። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነጥብ አለ፤ ሽቦውን የምትበይዱት እናንተ ናችሁ።

እማዬ ቴሌቪዥኗን ስታስመልስ ፊቴን ወደ መኪና ዕቃ መሸጫ አዞርኩ። ይቺን ተመልከቷት። 4.3 ኢንች ናት። ሹፌሩ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ የካሜራውን ምስል የምታሳይ ናት። ጀርባዋ ላይ ቢጫ መሰኪያ አላት፤ ጆሮዋ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ጆሮ አላቸው፤ አንዱ ለዲቪዲ፣ አንዱ ለካሜራ። ቀይና ጥቁር ሽቦ ለ12 ቮልት። በቃ! የሚጫን ድራይቨር የለ፣ የሚጠየቅ ፓስዎርድ የለ።

እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ 480 በ272 ነጥብ ናቸው። ፒኤስፒ ጌም የተጫወታችሁ፣ የእሱ ስክሪን ልክ ነው። ነገር ግን በቢጫው ገመድ የሚመጣ ምስል ይደበዝዛል። ለትልቅ ሞኒተር የሚሆነውን ገጽ እንዳለ ብትልኩላት የሚታያችሁ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ፊደሉን አሳድጉት። እስከ ምን ድረስ? በመስመር 40 ፊደል። የ1982ቷ ቁጥር ዛሬም ትሠራለች።

ስለ ቀይዋ ሽቦ ግን ልናዘዝ። ፓይ የምትፈልገው 5 ቮልት ነው፣ ስክሪኗ 12። ሁለት ቻርጀር መያዝ ሰለቸኝና ከፈትኳት። ብዙዎቹ ውስጥ፣ ሁሉም አላልኩም፣ 12ቱን ወደ 5 ወይም ወደ 3.3 የምታወርድ ባለ ስምንት እግር ቺፕ አለች። የምታወጣው 5 ከሆነ እሷን ነቅሎ 5 ቮልቱን ከእሷ በኋላ ባለው መስመር በቀጥታ መስጠት ይቻላል። መጀመሪያ ግን በመልቲሜትር መለካት! እኔ አልለካሁም። ያን ያህል ዓመት የጠገንኩ ሰው መልቲሜትር ምን ያደርግልኛል ብዬ። ገምቼ 12ቱን 5 ቮልት ቦታ ላይ ሰጠሁት። ፍሽሽ አለች። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት፤ ተለክታ የተሠራች። ስድስት ዓመት ሆናት።

ኮምፒውተራችሁ ቢጫ ቀዳዳ ከሌለው ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን ትገዛላችሁ። ሁለት ዓይነት ናት፤ አንዷ ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ፣ ማለትም ወደ ቢጫው ገመድ፣ ሌላዋ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ ትቀይራለች። በመልክ መንታ ናቸው። አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም። ሻጩ "ሁለቱንም ትሠራለች" ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጆሮ እያለው ወደማይሰማው።

ይህንን የፎቶ ፍሬም ታስታውሱታላችሁ? የሰርግ ስጦታ ነበር። ፎቶ ትጭኑበታላችሁ፣ እየቀያየረ ያሳያል፣ ከዓመት በኋላ የሚያበራው የለም። ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ዓይነትም ነበረ፤ 1.5 ኢንች፣ 128 በ128 ነጥብ። ሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ታዲያ ቀዳዳ አለ ማለት ጆሮ አለ ማለት ነው? አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት አንዱ "ፍላሽ ነኝ" ይላል፣ ሌላው "ሲዲ ነኝ" ይላል። ፎቶ ብትሰጡት ይወስዳል። ቀጥታ ምስል ስትልኩለት ጆሮ ዳባ ልበስ።

እዚህ ላይ ነው የምቀናባቸው ሰዎች የሚመጡት። ዬሩን ዶምበርግ የሚባል ሆላንዳዊ አለ፤ ብዙ ሰው ስፕራይት በሚለው ስሙ ነው የሚያውቀው። ኤስቲ2205 በሚባል ቺፕ የሚሠሩ ርካሽ ፍሬሞችን ከፍቶ በውስጣቸው ያለውን ፕሮግራም ገልብጦ አነበበው። ከዚያ የራሱን ትንሽ ትእዛዝ ሸጎጠበት። ፍሬሙ ከዚያ ወዲያ ከኮምፒውተሩ ነጥብ በነጥብ እየተቀበለ ያሳያል። ኤኤክስ206 ለሚባለው ሌላ ቺፕም ሌሎች ሰዎች እንዲሁ አደረጉ። ኤልሲዲ4ሊኑክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሁለቱንም ያናግራል። የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዛሬ በዚያው ኤኤክስ206 የተሠሩ፣ የኮምፒውተር ሙቀት የሚያሳዩ ስክሪኖች አዲስ ዕቃ ተብለው በኦንላይን ይሸጣሉ። የተጣለው ፍሬም ስም ቀይሮ ተመለሰ።

ሳምሰንግ ደግሞ አንዳንድ ፍሬሞቹ ላይ ጆሮውን ራሱ ሠርቶለታል። ኤስፒኤፍ-87ኤች የሚባለው 800 በ480 ነጥብ ነው፤ ሚኒ ሞኒተር የሚል ሁኔታ አለው። ከኮምፒውተሩ አንዲት አጭር መልእክት ሲደርሰው ፍላሽ መሆኑን ትቶ ማሳያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የጄፔግ ምስል በላይ በላይ ትልኩለታላችሁ። ስለዚህ ፍሬም ስታገኙ ሊኑክስ ላይ ሰክታችሁ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስዩኤስቢ የሚባል ትእዛዝ ስጡና የሚወጣውን መለያ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ከእናንተ በፊት ያሰቃየው ሰው አይጠፋም።

ስልክና ታብሌት ከዚህ ይቀላሉ፤ ቶሎ ልበል። ዊንዶውስ ላይ ስፔስዴስክ የሚባል ፕሮግራም ትጭናላችሁ፣ አፑን ታብሌቱ ላይ ታደርጋላችሁ፤ በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ታብሌቱ ሁለተኛ ሞኒተር ሆነ። እኔ የምወደው ግን ከዚያም የቀለለውን ነው። ስልኩ ብራውዘር አለው አይደል? ኮምፒውተራችሁ ላይ አንዲት ትንሽ ገጽ አዘጋጁና ስልኩ ይክፈታት። የሱቅ ዋጋ፣ ወረፋ፣ የፕሪንተር ሁኔታ፣ የፈለጋችሁትን። ተቹ የሞተ ስልክ እንኳ ኦቲጂ የሚቀበል ከሆነ፣ ማለትም ዩኤስቢ ቀዳዳው ላይ ማውስ የሚሰካበት ከሆነ፣ በማውስ ይከፈታል።

ኪንድል የሚባለው መጽሐፍ ማንበቢያም እንዲሁ ብራውዘር አለው፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት ይነበባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የእሱ ስክሪን ኤሌክትሪክ ባይኖርም የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ይቀራል። አንድ ወዳጄ የዶላር ምንዛሪ ያይበት ነበር። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ተዘጋ፤ ኪንድሉ ግን ፊቱን አልቀየረም። ሰውዬው በማግስቱ በትናንት ዋጋ ሲከራከር ዋለ። (ሳቅ) ጥግ ላይ ሰዓት ጻፉበት። ሰዓቱ ከቆመ ወሬው አሮጌ ነው።

አሁን ሆዱ ወዳበጠው እንምጣ። ይህ ታብሌት የአንድ ካፌ ነው። የምግብ ዝርዝር ሊያሳዩበት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ቻርጀሩን ሰክተው ስምንት ወር ረሱት። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ፣ በዚያ ላይ እየሞቀ ሲቀመጥ ያረጃል፤ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል። ካፌው ውስጥ የሰቀሉት ከምን አጠገብ እንደሆነ ልንገራችሁ? ከቡና ማሽኑ አጠገብ! እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ስልክ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ጀርባውን ደጋግማችሁ ዳስሱት። ስልኩ ቻርጅን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ካለው አብሩት። ከሌለው ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋ ሶኬት ግዙ። ካበጠ ደግሞ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ "ትንሽ ቀን ይሥራ" አትበሉ። ይህንን ያመጣሁት እንድታዩት ነው፤ ባትሪው ወጥቷል። ቢሆንም አትንኩት፤ ልማድ እንዳይሆንባችሁ።

ሦስተኛው። ጆሮው የተቆረጠው። ሰዓት እንዳለኝ አዘጋጆቹ ምልክት ይስጡኝ። አለኝ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክንያቱም የመጣሁት ለዚህ ነው።

ኖኪያ 5110። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ። 3310 ደግሞ በ2000 መጣ። እባቧን ያልተጫወተ አለ? ወጣቶቹ እጃቸውን አወጡ፤ በሉ ይቅር ይበላችሁ። የሁለቱም ስክሪን 84 በ48 ነጥብ ነው። በድምሩ 4,032 ነጥብ። አንዱ ነጥብ ወይ ይጠቁራል ወይ አይጠቁርም፤ ስለዚህ ሙሉ ምስሉ 504 ባይት ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቺፕ ፒሲዲ8544 ይባላል፤ የፊሊፕስ ሥራ ነው። ሰነዱ በግልጽ ወጥቷል። ስልኩ ሲሞት የሚናገረው ነው የሞተው፤ ቺፑ ደህና ነው፣ አሁንም መስማት ይችላል። አምስት የመልእክት ሽቦ ትቀጥሉለታላችሁ፣ ከዚያ የኃይልና የመሬት መስመር። አሁን በቀይ ወይም በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ተገጥሞ ለየብቻው ይሸጣል፤ ከአሮጌ ስልክ ማውጣት ለእጃችሁ ልምምድ ነው።

የሚወደው 3.3 ቮልት ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ 5 ስለሚልክ መሃል ላይ ሬዚስተር አስገቡ። መስመር እየዘለለ ካሳያችሁ ፕሮግራሙን አትጠራጠሩ። በመስታወቱና በሰሌዳው መሃል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀጭን ላስቲክ አለ፤ ጠርዙን ጫን አድርጉት፣ ይመለሳል። የኋላ መብራቱን ካጠፋችሁት ስክሪኑ ራሱ የሚወስደው ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ለምንቸገር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምን አሳየሁበት? የውሃ ታንከር። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እማዬ ታንከሩ መሙላቱን ለማወቅ መሰላል ትወጣ ነበር። በዚህ ዕድሜዋ! ታንከሩ አፍ ላይ ርቀት የሚለካ ሴንሰር አደረግኩ፣ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የኖኪያ ስክሪን። "ፉል"፣ "ኤምፕቲ" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ኩራት በኩራት ሆኜ ጠራኋት። አየችውና "ምን ይላል?" አለችኝ።

ምን ይላል! እኔ ስለ ስክሪን ጆሮ ስጨነቅ የእማዬን ዓይን ረሳሁት።

በአማርኛ መሆን አለበት። ግን በነዚህ ስክሪኖች የሚመጣው ፊደል የላቲን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ 5 በ7 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከነክፍተቱ በመስመር 14 ፊደል፣ 6 መስመር ይወጣል። "ጨ"ን በ5 በ7 ጻፏት እስቲ። አትሞክሩ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ጊንጥ ነው የምትመስለው። (ሳቅ) ባለ ትንንሽ ሳጥን የሒሳብ ደብተር ገዛሁና እያጠቆርኩ መሳል ጀመርኩ። 10 በ12 ላይ ስደርስ ፊደሎቹ መልካቸው መጣ። በመስመር 8 ፊደል፣ 4 መስመር። ለታንከር ይበቃል።

የመጀመሪያ ቀን ታንከሩ ባዶ ነበር። ስክሪኑ "ባዶ" ይላል ብዬ ቆሜያለሁ። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። "በደ ይላል። ማን ነው የበደለው?"

እውነቷን ነው። "ባ" ግራ እግሯ አጭር ነው፤ "ዶ" ቀኝ እግሯ አጭር ነው። እኔ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር ያሳጠርኩት። ወረቀት ላይ ይታያል፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ግን "በ"ና "ደ" ናቸው። አንድ የቁም ጸሐፊ ወዳጅ አለኝ፤ ደብተሬን አሳየሁት። ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም። አንዴ አይቶ "እግሩን ስታሳጥር አትፍራ" አለኝ። ከግማሽ በላይ ቆረጥኩት። "ባዶ" ሆነ።

ቀጥሎ የኃምስ ቀለበት መጣች። "ሊ"ና "ሌ"ን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለችው ነገር ናት፤ አንዷ ሰረዝ፣ አንዷ ቀለበት። ቀለበቷን 2 በ2 ነጥብ ስሠራት ትደፈናለች፤ "ሌ"ው "ሊ" ይሆናል። 3 በ3 አድርጌ መሃሏን አንድ ነጥብ ክፍት ተውኳት። ዳነች። አያችሁ፣ አንዲት ነጥብ ናት!

ተማሪዎች፣ ይህንን ጻፉት። 33ቱን ፊደላት በሰባቱ ቅርጽ ብትስሏቸው 231 ናቸው። ለአንዱ 20 ባይት ስንሰጠው 4,620 ባይት ይሆናል። የአርዱዊኖ ኡኖ ራም 2 ኪሎባይት ነው፤ አይችለውም። 32 ኪሎባይት ያለው ፍላሹ ላይ አስቀምጡት። ለታንከር ብቻ ከሆነ ከ20 ፊደል በታች ይበቃችኋል፤ እኔ በሁሉም ስደክም ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሌላው፣ ኮዱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው። "ውሃ" ሁለት ፊደል ናት፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ግን ስድስት ባይት ነው። መጀመሪያ ላይ ኮተት የሚታያችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ በገበታው ቅደም ተከተል ነው የተቀመጠው። "ሀ" 4608 ናት። "ለ" 4616። "ሐ" 4624። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ፤ ስምንተኛዋ ለነ "ሏ" ናት። ከቁጥሩ ላይ 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ስታካፍሉ ቤቱን ታገኛላችሁ፤ ቀሪው ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይነግራችኋል። የኔታ ያስቆጠሩን ገበታ ራሱ የማካፈል ሒሳብ ሆኖ ቁጭ አለ!

የላፕቶፑ ስክሪን ቀርቶኛል። ሰዓቴም እያለቀ ነው። ጀርባውን ገልብጡት፤ ሙሉውን ቁጥር አንብቡ። ኤልፒ156 ብሎ ከጀመረ የኤልጂ ነው፣ 15.6 ኢንች። ቢ140 ካለ ኤዩኦ ነው፣ 14 ኢንች። ኤልቲኤን ካለ ሳምሰንግ። ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀ ኮንትሮለር ቦርድ ትገዛላችሁ፤ በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ ይሰማል፣ በሌላ በኩል ለስክሪኑ ያስተረጉማል። የገመዱን እግር ብቻ ቆጥራችሁ አትግዙ። የድሮው ኤልቪዲኤስም 30 እግር ያለው አለ፣ አዲሱ ኢዲፒም 30 እግር ያለው አለ፤ ቋንቋቸው ግን አይገናኝም። ያንን ሁለት ላፕቶፕ ተሸክሞ የመጣውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ? የአሮጌውን ስክሪን አውጥተን በዚህ መንገድ ሠራንለት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ተነሳ እስቲ! (ጭብጨባ) ሦስቱን ገመድ ግን እስካሁን አልመለሰም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ጀርባው የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን በውጭ መሰኪያው ተጠቀሙበት እንጂ አትክፈቱት። ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይደርሳል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊይዝ ይችላል። እኔ እከፍታለሁ፤ አንድ ጊዜ መትቶኝ ከግድግዳ ጋር ስላጋጨኝ እንዴት እንደሚከፈት ተምሬያለሁ። እናንተ በዚያ መንገድ እንድትማሩ አልፈልግም።

በሉ፣ አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። ካቻቢቴ ያለኝ ሁለት ብቻ ስለሆነ በተራ። ኖኪያውን የምትፈቱት የመጀመሪያው ረድፍ ናችሁ። ፍሬሙን ኋላ ያላችሁት ውሰዱት፤ ኤልኤስዩኤስቢ ምን እንደሚል ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ። መልቲሜትሩ እዚህ ነው። የመኪናዋን ስክሪን ቀይ ሽቦ ግን እኔ መጥቼ ሳላይ ማንም እንዳያስገባ።